የእጅ መጋዝ ምላጭን በእሳት ማጠንከርና በልኩ ማለዘብ

መጋዝ ከቢላዋም ከመጥረቢያም የተለየ ጠባይ አለው። ቢላዋ በጠነከረ ቁጥር ስለቱን አጥብቆ ይይዛል፤ መጥረቢያም አፉ ጠንክሮ ጀርባው ለስላሳ ቢሆን ሥራው አይጓደልም። የመጋዝ ምላጭ ግን በአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረቱ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። ጥርሱ እንጨት ሲበላ ቶሎ መዶልዶም የለበትም። ሲዶለድም ሞረድ ሊነክሰው ይገባል። ምላጩ እንጨት ውስጥ ተይዞ ሲጎብጥ ደግሞ ሳይሰበርና ሳይታጠፍ ወደ ቀጥታው መመለስ አለበት።

እነዚህን ሦስቱን የሚያስማማው የጥንካሬ መጠን ጠባብ ነው። የብረት ጥንካሬ በሚለካበት በሮክዌል ሲ መለኪያ፣ ግሎ ዘይት ውስጥ የተነከረ ጥሩ የካርቦን ብረት ከ62 እስከ 65 ይደርሳል፤ ሞረድም የሚገኘው እዚያው አካባቢ ነው። በሞረድ የሚሳል የእጅ መጋዝ ግን ከ48 እስከ 52 ባለው ውስጥ ሲያርፍ ነው ደህና የሚሆነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ሞረዱ ይንሸራተታል፤ ጥርሱም ሲጣመም ይረግፋል። ከዚያ በታች ከሆነ ገና አንድ ግንድ ሳይጨርስ ይዶለድማል። ስለዚህ የዚህ ሥራ ዋናው ቁም ነገር ብረቱን የተቻለውን ያህል ማጠንከሩ አይደለም። ጠንክሮ ከወጣ በኋላ በልኩ ማለዘቡ ነው መጋዝ የሚያደርገው። ብዙ ባለሙያ በእሳቱና በዘይቱ ላይ ተጠብቦ ማለዘቡን ግን በችኮላ ያልፈዋል፤ እኔ በዚህ መመሪያ ረዘም አድርጌ የምቆየው እዚያ ላይ ነው።

እንደ ምሳሌ የምንሠራው ለእንጨት ክፈፍ መጋዝ የሚሆን፣ 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ምላጭ ነው።

በቅድሚያ፣ ወደ እሳት የማይገቡ መጋዞች

በሞተር የሚሽከረከር ክብ መጋዝ በዚህ መንገድ አይሠራም፤ አይታደስምም። በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ዙር የሚዞር ዲስክ ላይ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ቢኖር የሚበተነው ሰው ላይ ነው። ከዚህም ሌላ አብዛኛው የዛሬ ክብ መጋዝ ጥርሱ በብየዳ የተለጠፈ ተንግስተን ካርባይድ ስለሆነ እሳት ውስጥ ሲገባ የተለጠፈበት ይቀልጣል።

ከሱቅ የሚገዛው የእጅ መጋዝ ጥርሱ ጫፍ ላይ ጠቆር ወይም ሰማያዊ ካለ፣ ፋብሪካው ጥርሱን ብቻ በኤሌክትሪክ ኃይል በቅጽበት አጠንክሮታል ማለት ነው። ይህንን ሞረድ አይነክሰውም፤ እስኪዶለድም ተሠርቶበት የሚጣል ነው። የብረት መቁረጫ መጋዝ ምላጭም ብዙውን ጊዜ ጥርሱና ጀርባው ከተለያየ ብረት የተበየደ፣ ወይም ሙሉ በሙሉ ከፈጣን መቁረጫ ብረት የተሠራ ነው። ይህ ብረት ለመጠንከር ከ1,150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚፈልግ በከሰል ምድጃ የሚሞከር አይደለም።

ብረቱ

ለመጋዝ የሚሆነው ብረት ከ0.7 እስከ 0.9 በመቶ ካርቦን ያለው ነው። ተራ ላሜራና ፌሮ የካርቦን መጠናቸው ከ0.3 በመቶ በታች ስለሆነ የፈለጉትን ያህል ቢያግሉትና ቢነክሩት የመጋዝ ጥንካሬ አያገኙም።

ለእኔ ተመራጩ ከጣውላ መሰንጠቂያ የሚወጣ ያረጀ ቀበቶ መጋዝ ነው። ካርቦኑ ለመጋዝ ተብሎ የተመጠነ፣ ብዙ ጊዜም ጥቂት ኒኬል የተጨመረበት፣ ውፍረቱም ለእጅ መጋዝ የተስማማ ነው። የቀበቶ መጋዝ በጎማ ላይ ያለማቋረጥ ስለሚታጠፍ ፋብሪካው ሆን ብሎ ለዘብ ያደርገዋል፤ ጥንካሬው ከ42 እስከ 46 ነው። ለእጅ መጋዝ ይህ ትንሽ ያንሳል። እንደገና በእሳት ማሳለፉ ትርጉም የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ለጊዜያዊ ሥራ ከሆነ ግን ሳያሞቁ ቆርጠው ጥርስ ቢያወጡለት ያገለግላል፤ ቶሎ ቶሎ መሳል ብቻ ነው የሚፈልገው።

ባሌስትራስ? በመርካቶ ምናለሽ ተራም ሆነ በየከተማው የቁርጥራጭ ብረት መሸጫ በቀላሉ የሚገኘው እሱ ነው። ካርቦኑ 0.6 በመቶ አካባቢ ሲሆን ክሮም ወይም ሲሊከን አለበት። ለመጥረቢያ፣ ለዶማና ለማጭድ እጅግ ጥሩ ብረት ነው። ውፍረቱ ግን ከ6 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ስለሆነ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ለማሳሳት ብዙ ጊዜ ማጋልና መቀጥቀጥ ይጠይቃል፤ በተቀጠቀጠም ቁጥር ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ካርቦኑም ከገጹ ላይ እየተቃጠለ ይሄዳል። ሌላ አማራጭ ከሌለ እንጂ ለቀጭን መጋዝ አልመክረውም።

ምንነቱን በእርግጠኝነት የማያውቁትን ብረት ሙሉ ምላጭ ከማድረግዎ በፊት ይፈትኑት። ከዚያው ብረት 2 ሴንቲ ሜትር በ8 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት ቁርጥራጮች ያውጡ። አንዱን ብርቱካናማ ቀይ እስኪሆን አግለው ሞቅ ያለ ዘይት ውስጥ ይንከሩት። ከቀዘቀዘ በኋላ ሞረድ ያስኪዱበት፤ ሞረዱ እየተንጫጫ ከተንሸራተተ ጠንክሯል። ቀጥሎ በጨርቅ ጠቅልለው ሞርሳ ላይ ያስሩትና ይስበሩት። ሲሰብሩት ዓይንዎንና ፊትዎን ይከልሉ። የተሰበረው ገጽ ደቃቅና ደብዛዛ ግራጫ ከሆነ ሙቀቱ ልክ ነበር። እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ ሻካራ ቅንጣት ከታየበት ግን ከመጠን በላይ ግሏል፤ በዚያ ሙቀት የተሠራ መጋዝ ጥርሱ አይቆይም። የቀሩትን ሦስት ቁርጥራጮች ለማለዘቡ ፈተና ያስቀምጧቸው።

ቆረጣና ዝግጅት

የቀበቶውን መጋዝ አሮጌ ጥርሶች ከነስርጉዳቸው ቆርጠው ያስወግዱ። ከስርጉዱ ግርጌ ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብተው ነው መቁረጥ የሚያስፈልገው። ለዓመታት ሲታጠፍ የኖረ ቀበቶ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እዚያ ግርጌ ላይ ነውና፣ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ተደብቆ ከቀረ ዘይት ውስጥ ሲገባ ተከፍቶ ምላጩን ለሁለት ይለየዋል።

ብረቱ ለመቁረጥና ለመብሳት ካስቸገረ ቀይ እስኪሆን አግለው በደረቅ አመድ ውስጥ ይቅበሩትና እስከ ማግስቱ ይተዉት። ሁለቱን የማሰሪያ ቀዳዳዎች ከማጠንከሩ በፊት ይብሱ፤ ከጠነከረ በኋላ መሰርሰሪያ አይገባውም። ቀዳዳው ከጠርዝ ቢያንስ የራሱን ስፋት እጥፍ ይራቅ። የቀዳዳውን አፍ፣ የምላጩን ማዕዘኖችና ጠርዞች በሞረድ ያለዝቡ። ሹል ማዕዘን የስንጥቅ መነሻ ነው።

ገጹን በብርጭቆ ወረቀት ሲጠርጉ ጭረቱ በምላጩ ርዝመት ይሂድ፤ በስፋቱ የሄደ ጥልቅ ጭረት ምላጩ በሚታጠፍበት አቅጣጫ ላይ ስለሚጋደም ስንጥቅ ይጋብዛል። መጨረሻ ላይ ቅባቱን በሳሙና አጥበው ያድርቁት።

ጥርስ በዚህ ደረጃ አይወጣም። ቀጭን የጥርስ ጫፍ ከምላጩ አካል ቀድሞ ይግላል፤ ሲነከርም ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ወይ ይቃጠላል ወይ ይሰነጠቃል። ምላጩ በትክክል ከለዘበ ጥርሱን በኋላ በሞረድ ማውጣት ይቻላል። ይህ ራሱ የሥራው ማረጋገጫ ነው።

ምድጃው

የተለመደው የቀጥቃጭ ምድጃ እሳቱ አንድ ቦታ የተሰበሰበ ስለሆነ ለማጭድና ለቢላዋ ይሆናል እንጂ ለ50 ሴንቲ ሜትር ምላጭ አይበቃም። 80 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍረው ጎኑን በሸክላ ጡብ ይገንቡ። ከሥሩ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ የተበሳ የብረት ቱቦ ዘርግተው አንዱን ጫፍ ይድፈኑ፣ በሌላኛው በወናፍ ወይም በኤሌክትሪክ መንፊያ አየር ያስገቡ።

ምላጩን በቀጥታ ፍሙ ላይ አያስቀምጡት። 6 ሴንቲ ሜትር በ6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ቱቦ 60 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው አንዱን አፍ በብየዳ ይዝጉና እሱን ከሰሉ ውስጥ ይቅበሩት፤ ምላጩ የሚገባው በቱቦው ውስጥ ነው። ቱቦው ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ሙቀቱን ያስተካክላል፤ ከፍሙ አንዱ ቦታ ቢነድና ሌላው ቢዳከም እንኳ በውስጥ ያለው ቀለም ብዙ አይለያይም። ሁለተኛ፣ ከምላጩ ጋር አንድ እፍኝ የተፈጨ ከሰል ሲጨምሩበት የቱቦውን አየር ከሰሉ ይበላዋል፤ ብረቱ ቅርፊት አያወጣም፣ በገጹ ላይ ያለውን ካርቦንም አያጣም። በ1 ሚሊ ሜትር ምላጭ ላይ ከየገጹ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ካርቦን ማጣት ከውፍረቱ አንድ አምስተኛውን ማበላሸት ነው። ቱቦው ዚንክ የተቀባ እንዳይሆን በጣም ይጠንቀቁ። ዚንክ ሲቃጠል የሚያወጣው ነጭ ጭስ በብርድና በትኩሳት ያንቀጠቅጣል።

የጋለ ቀጭን ብረት በራሱ ክብደት ስለሚረግብ ከምላጩ ሥር ቀጥ ያለ 3 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ ብረት ያንጥፉ። በዳሩ ቀዳዳ ውስጥም ወፍራም ሽቦ አስገብተው ከቱቦው አፍ ውጭ ያስቀሩት፤ ሰዓቱ ሲደርስ በጉጠት የሚስቡት እሱን ነው።

ሥራው አየር በደንብ በሚዘዋወርበት፣ ግን ጥላ በሆነ ቦታ ይሁን። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ውስጥ ይገድላል። ጥላው ደግሞ የጋለ ብረት ቀለም ፀሐይ ላይ ስለማይታይ ነው፤ በጥላ ደማቅ ብርቱካናማ የሚመስለው ብረት እኩለ ቀን ሜዳ ላይ ጥቁር ቀይ ይመስላል።

ሙቀቱን ማወቅ

እስከ 1,200 ዲግሪ የሚለካ ባለ ሽቦ የሙቀት መለኪያ ካለዎት ሥራው ይቀልዎታል። አስተማማኝነቱን በሚፈላ ውሃ ይፈትሹት፤ ግን ውሃ የሚፈላበትን ሙቀት በከፍታው ያሰሉ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባሕር ዳር በ94፣ ድሬዳዋ በ96 ዲግሪ አካባቢ። ይህን ሳያስቡ 92 ያሳየውን ደህና መለኪያ ተበላሽቷል ብሎ መጣል ያሳዝናል።

መለኪያ ከሌለም በእጅዎ ሁለት ታማኝ ምስክሮች አሉ። የመጀመሪያው ማግኔት ነው፤ ብረት 770 ዲግሪ ሲደርስ ማግኔት መሳቡን ያቆማል። ሁለተኛው የወጥ ጨው ነው፤ በ801 ዲግሪ ይቀልጣል። አንድ ቁንጥጫ ደቃቅ ጨው በረጅም ብረት ጫፍ ይዘው ምላጩ ላይ ጣል ሲያደርጉት ቀልጦ እንደ ውሃ ከተዘረጋ 801ን አልፈዋል። ጨው ያዝጋል፤ ስለዚህ ሙከራውን በምላጩ ዳር ላይ ብቻ ያድርጉ፣ በኋላም በሙቅ ውሃ ይጠቡት።

ቅንጣቱን ማስተካከል

ይህ ክፍል አጭር ነው፤ ሆኖም አይዘለል። ምላጩን በመጀመሪያ 860 ዲግሪ፣ ቀጥሎ 820፣ በመጨረሻ 780 ያህል አድርሰው በየመካከሉ ነፋስ በሌለበት አንጠልጥለው ጥቁር እስኪሆን ድረስ ያቀዝቅዙት። በቀበቶነት ዘመኑና በቆረጣው የተጠራቀመበት ውጥረት ይለቅቀዋል፤ ቅንጣቱም ይደቅቃል። ሲነከር መጠማዘዙ በእጅጉ የሚቀንሰው ከዚህ የተነሣ ነው።

ማጠንከር

መንከሪያው 10 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 70 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ ግርጌው በብየዳ የተደፈነ ቱቦ ይሁን። እንዳይወድቅ ከመሬት ግማሹን ይቅበሩት። ወደ 5 ሊትር የሚጠጋ ዘይት ይይዛል፤ ይህም ለአንድ ምላጭ ይበቃል፣ የጋለው ምላጭ ዘይቱን ከ10 ዲግሪ ብዙ አያስበልጠውምና። የኑግ ዘይት ወይም ማንኛውም የምግብ ዘይት ጥሩ ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይትም ከሞቀ በኋላ ይሠራል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ርካሽ ቢሆንም ጭሱ ለሳንባ ጠንቅ ነው፤ ከምግብ ዘይት ይልቅም ፈጥኖ እሳት ይይዛል። ውሃ በ1 ሚሊ ሜትር ምላጭ ላይ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ወይ ይሰነጥቀዋል ወይ ያጣምመዋል።

ዘይቱን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ያሙቁት። ሞቅ ያለ ዘይት ከቀዝቃዛው ይልቅ ፈጥኖ ያቀዘቅዛል ሲባል ለሰሚው ግራ ያጋባል፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ሲሞቅ ስለሚቀጥን በብረቱ ዙሪያ በቶሎ ይዘዋወራል፤ በገጹ ላይ የሚፈጠረውን የእንፋሎት ሽፋንም ቶሎ ይገፋዋል።

ከመጀመርዎ በፊት ጉዞውን በቀዝቃዛ ምላጭ ይለማመዱት። ቱቦው አፍ ላይ ሽቦውን መያዝ፣ መሳብ፣ ማቆም፣ መንከር። እግርዎ የት እንደሚቆም፣ ጉጠቱ በየትኛው እጅ እንደሚሆን ሁሉ ይወስኑ። 1 ሚሊ ሜትር ብረት አየር ላይ ሲወጣ በየሰከንዱ 20 ዲግሪ ያህል ይጥላል፤ ዘይቱ ላይ ሲደርስም ከ800 ወደ 500 ዲግሪ የሚወርድበት ጊዜ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በዚህ መካከል ማመንታት የጥንካሬ ዋጋ ያስከፍላል።

እንግዲህ ምላጩን ቱቦው ውስጥ አግቡና ቀስ ብለው ያሙቁት። ማግኔት መሳቡን ካቆመ በኋላ ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ይጨምሩበት፤ ከ810 እስከ 830 ዲግሪ መሆኑ ነው። ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት መሆኑን አጎንብሰው ይመልከቱ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ከሆነ በኋላ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ በዚያው ያቆዩት። ከዚያ ይሳቡትና በቁሙ፣ ቀጥ አድርገው እስከ መጨረሻው ድረስ ይንከሩት። ግማሹ ከዘይቱ በላይ ከቀረ ዘይቱ የሚነደው እዚያ ላይ ነው። ላይና ታች ያንቀሳቅሱት፤ ወደ ጎን ግን አያወዛውዙት። ወደ ጎን የተወዛወዘ ምላጭ አንዱ ገጹ ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ይጎብጣል።

ከአራት ወይም ከአምስት ሰከንድ በኋላ አውጥተው ወዲያው በሁለት ወፍራም ጠፍጣፋ ብረቶች መካከል ያስገቡትና ጨምቀው ይያዙት። 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው፣ ገጻቸው የተስተካከለ የብረት ወይም የአሉሚኒየም ሰሌዳዎች ይሁኑ። ብረቱ በዚያች ቅጽበት ገና ሞቅ እንዳለ ነው፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ነው። ቀጥ ብሎ ተይዞ ከጠነከረ ቀጥ ብሎ ይቀራል። በኋላ በመዶሻ ሲታገሉት ከሚያሳልፉት ጊዜ ይህ አንድ ደቂቃ በብዙ ይሻላል።

ዘይቱ ቢቀጣጠል ቀድሞ የተዘጋጀውን የላሜራ ክዳን ይድፉበት። ውሃ አያፍሱበት። የቆዳ ጓንት፣ የዓይን መከለያና ከጥጥ የተሠራ ረጅም ልብስ ይልበሱ፤ ናይሎን ነክ ልብስ ሲቃጠል ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ምላጩ እጅ ሲያስችል አውጥተው በሽቦ አንጠልጥሉትና በጥፍርዎ መታ ያድርጉት። ጥርት ብሎ የሚያስተጋባ ከሆነ ጤነኛ ነው። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ስንጥቅ አለበት። አያጥፉት፣ አይጣሉት፤ አሁን የሚገኝበት ሁኔታ ከሁሉም ይበልጥ ተሰባሪ የሚሆንበት ነው።

ማለዘብ

በዚያው ሰዓት ይጀምሩ። የጠነከረ ምላጭ ሳይለዝብ ሲያድር በውስጡ ባለው ውጥረት ብቻ፣ ማንም ሳይነካው ሊሰነጠቅ ይችላል።

የቤት የዳቦ ምድጃ ብዙውን ጊዜ ከ250 ዲግሪ አይዘልም። ይህ ለቢላዋ ይበቃል፤ ለመጋዝ ግን ያንሳል። የሚያስፈልገን ከ320 እስከ 340 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ምላጩን የሚይዝ ረጅም የላሜራ ትሪ ወይም ቁመቱን የተቀደደ የበርሜል ጎን ያዘጋጁና 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ደረቅና ደቃቅ አሸዋ ይሙሉበት። ከሥሩ የሚነደው ፍም ያለ ነበልባል፣ ስስና የተዘረጋ ይሁን። አሸዋ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፤ ጠቀሜታውም ይኸው ነው።

መጀመሪያ የቀሩትን ሦስት ቁርጥራጮች በቀደመው መንገድ አጠንክረው አንዱን በ280፣ አንዱን በ310፣ አንዱን በ340 ዲግሪ አንድ አንድ ሰዓት ያቆዩአቸው። ከቀዘቀዙ በኋላ በአንድ ሞረድ፣ በአንድ ዓይነት ግፊት ይፈትሹአቸው። የላላው ብረት ላይ ሞረዱ ጠልቆ ይገባና የተጠቀለለ ፍቅፋቂ ያወጣል። ያልለዘበው ላይ ሞረዱ ይንጫጫል፤ ምንም አያነሳም፤ የሞረዱ ጥርስ ራሱ ጫፉ ያብረቀርቃል፣ ያም ማለት ሞረዱ እየተበላ ነው። ልክ የሆነው ላይ ግን ሞረዱ ትንሽ ታግሎ ይይዛል፤ ድምፁ አንድ ወጥ የሆነ ፉጨት መሰል ይሆናል፤ ደቃቅ ግራጫ ዱቄትም ከሞረዱ ሥር ይረግፋል። ይህንን የሚሰጥዎት ሙቀት የዚያ ብረት ሙቀት ነው፤ ይጻፉትና ከብረቱ ትርፍ ጋር አብረው ያስቀምጡት።

አሁን ምላጩን በሁለት ቀጥ ያሉ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባላቸው ጠፍጣፋ ብረቶች መካከል አድርገው በቡሎን ወይም በመቆንጠጫ ይሰሩት። መለኪያውን በመካከላቸው አስገብተው ሁሉንም አሸዋው ውስጥ ይቅበሩ። ሙቀቱ የሚፈለገው ላይ ከደረሰ ጀምሮ አንድ ሰዓት ያቆዩት፤ ከዚያ አየር ላይ ቀዝቅዞ እንዲያልቅ ይተዉትና እንደገና አንድ ሰዓት ይድገሙት። በዚህ ሙቀት ታስሮ የቆየ ምላጭ የቀረችውን ጥቂት ጉብጠት ይለቃል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ታላላቅ የመጋዝ ፋብሪካዎችም ምላጭን በጋሉ ሰሌዳዎች መካከል ጨምቀው ማለዘብን ያውቁበት ነበር፤ አንድ ሥራ ሁለቱን ስለሚሠራ ነው።

መለኪያ የሌለው ሰው በቀለም ይመራል። የምላጩን አንድ ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ብሩህ እስኪሆን ይጥረጉት፤ በጣትዎ ደግመው አይንኩት፣ ላብ ቀለሙን ያሳስታል። ሳያስሩት አሸዋው ላይ አጋድመው ስስ አሸዋ ይነስንሱበት፤ እየገለጡ ይመልከቱ። በ220 ዲግሪ አካባቢ የገለባ ቢጫ ይመጣል። በ240 ቢጫው ይጠቁራል፤ በ260 ቡናማ፣ በ280 ወይን ጠጅ ይሆናል። በ300 አካባቢ ደማቅ ሰማያዊ ይወጣል፤ 320 ላይ ሲደርስ ሰማያዊው ፈዘዝ ይላል። የመጋዝ ቦታ ይህ የፈዘዘው ሰማያዊ ነው። ከዳር እስከ ዳር አንድ ሆኖ ሲታይ ያውጡትና በሙቀቱ በሰሌዳዎቹ መካከል ጨምቀው ያቀዝቅዙት።

ቀለሙ ሁለት ነገር እንደሚያዛባው ይወቁ። በአንድ ሙቀት ላይ ብዙ ከቆየ ከሙቀቱ በላይ የሄደ መስሎ ይታያል። ክሮም ያለበት ብረት ደግሞ ቀለሙን ዘግይቶ ያወጣል። ባሌስትራ በዚህም በዚያም የተለየ ነው፤ ክሮሙና ሲሊከኑ ልዝበትን ስለሚቋቋሙ ከ400 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ መፈተን ያስፈልጋል፤ በቀለም መመራትም አያዋጣም።

ማለዘብ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ሥራ ነው። ጠንካራ ሆኖ ከቀረ 20 ዲግሪ ጨምረው ይደግሙታል። ከለዘበ ግን መመለሻው እንደገና ከማጠንከር መጀመር ነው። ስለዚህ ከታች ተነሥተው ወደ ላይ ይጠጉ።

ማቃናት

ምላጩን በጠርዙ ይዘው ወደ ብርሃን ያነጣጥሩት። ጉብጠት ካለበት በመስፍ ላይ አጋድመው ጎድጎድ ያለውን ገጽ፣ ማለትም ወደ ውስጥ የታጠፈውን፣ አፉ ከበብ ባለ ቀላል መዶሻ በስሱ ይምቱት። የተመታው ገጽ ትንሽ ትንሽ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥም ጎድጓዳው ይነሣል። ያበጠውን ጀርባ መምታት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ምላጩ ለጊዜው ይተኛል እንጂ ተመልሶ ይጎብጣል። ምቱ ቀላልና ብዙ ይሁን። በእንግሊዝ ሼፊልድና በአሜሪካ ፊላደልፊያ የነበሩ መጋዝ ሠሪዎች ለዚህ ሥራ ብቻ የተለየ ባለሙያ ነበራቸው፤ ዓይንና መዶሻ የሚጠይቅ ጥበብ ነው።

ከዚያ ምላጩን በሁለት እጅዎ ይዘው በቀስታ ያጉብጡት፤ ሁለቱ ጫፎች እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይቀራረቡ። ሲለቁት ቀጥ ብሎ ከተመለሰ ሥራው ተሳክቷል። ጎብጦ ከቀረ ለዝቧል። ይህን ፈተና ያለ ጓንትና ያለ ዓይን መከለያ አያድርጉት።

ጥርስ ማውጣት

ምላጩን በሁለት እንጨቶች መካከል አድርገው ሞርሳ ላይ ይሰሩና ጥርሱን በባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ ያውጡ። ለተራ የጣውላ ሥራ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከ20 እስከ 25 ጥርስ ይበቃል፤ እንደ ወይራ ላለ ደረቅና ጠንካራ እንጨት ጥርሱን ያድቅቁት። ግራይንደር አይጠቀሙ። በግራይንደር የተነካ ጥርስ ጫፉ በቅጽበት ሰማያዊ ከዚያም ግራጫ ይሆናል፤ ሁለት ሰዓት የተደከመበት ልዝበት በአንድ ሰከንድ ይጠፋል።

ጥርሶቹን አንዱን ወደ ቀኝ አንዱን ወደ ግራ ሲያጣምሙ የላይኛውን ግማሽ ብቻ ያጣሙ፤ ከሥሩ ማጣመም ምላጩን ራሱን ያንጋድደዋል። የሚቆርጠው ክፍተት ከምላጩ ውፍረት አንድ ከግማሽ እጥፍ አይብለጥ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ምላጭ ስለሚይዝ ወደዚያ ይጠጋል፤ የደረቀ ዋንዛ ወይም ጽድ ከዚያ ባነሰ ይሄዳል።

የመጀመሪያውን ጥርስ ሲያጣምሙ ከምላጩ ዳር፣ ከማሰሪያው አጠገብ ካለው ይጀምሩ። ከተሰበረ ገና ምንም አልጠፋም፤ ምላጩን 20 ዲግሪ ከፍ ባለ ሙቀት እንደገና ያለዝቡትና ከዳሩ ሁለተኛውን ይሞክሩ። ሳይሰበር ከታጠፈ፣ ግን በጣት ሲገፉት የሚመለስ ከሆነ ላልቷል። ታግሎ ታጥፎ በያዘበት ከቆመ የቀሩትን በእርጋታ ይቀጥሉ። ሲጨርሱ ጥርሶቹ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ በስሱ ሞረድ ያሳልፉ፣ ምላጩን በዘይት በራሰ ጨርቅ ጠርገው በክፈፉ ላይ ይወጥሩት።